«ሦስት ፕሮፎርማ፣ ሦስት ዋጋ»፦ የብረት ሥራ ጥያቄዎቻችሁ

ከዓባይ ማዶ የጻፈልኝ አንባቢ ለግቢ በር ሦስት ብየዳ ቤት ጠይቆ ሦስት ፕሮፎርማ ይዞ ተመለሰ። ትልቁ ዋጋ የትንሹን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። «ማንኛው ነው የሚያጭበረብረኝ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ምናልባት ማንም አላጭበረበረህም። የሰጠሃቸውን ንድፍ አየሁት። ስፋት 3 ሜትር፣ ቁመት 2.20። በቃ። ላሜራው፣ ማለትም ጠፍጣፋው ብረት፣ ስንት ሚሊ ነው? አልጻፍክም። አንዱ 1.2 ብሎ ቢያስብ፣ ሌላው 2 ቢል ምን ይገርማል? እስቲ እናስላው። አንድ ካሬ ሜትር ብረት በአንድ ሚሊ ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። በርህ 6.6 ካሬ ነው። በ1.2 ላሜራ 62 ኪሎ ገደማ፣ በ2 ሚሊ 104 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ፍሬሙ ሳይቆጠር ከ40 ኪሎ በላይ ልዩነት አለ። ዋጋው እንዴት አንድ ይሁን?

ቀለሙም አለ። አንዱ አንቲረስት፣ ማለትም ዝገት መከላከያውን ቀለም፣ ብቻ ቀብቶ ይሰጥሃል፤ ሌላው ቀለሙን ጨርሶ፣ አጓጉዞ፣ ተክሎ ያስረክብሃል። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ወረቀት ላይ ጻፍ፤ ያንኑ ወረቀት ለሦስቱም ስጥ። የላሜራው ውፍረት ይኑር። ቱቦላሬው፣ ማለትም ባለ አራት ማዕዘኑ የብረት ቱቦ፣ «40 በ40 በ1.5» ተብሎ ይጻፍ፤ ጎንና ጎኑ፣ ከዚያ የብረቱ ውፍረት፣ ሁሉም በሚሊ። ቁልፉን ማን ያመጣል? ተከላው በማን ነው? በሩስ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው? ያላወቅከውን ባዶ አትተው፤ «ሐሳብ ስጡኝ» በል። ባለሙያው ባዶ ቦታ ካየ በግምት ይሞላዋል፤ እንዳይከስር ደግሞ ግምቱ ላይ ትንሽ ይጨምራል። በያጆቻችን ባልተጻፈ ነገር «ሌባ» ሲባሉ እኔን ያመኛል።

«ልኬቱን በሳንቲም ልጻፍ በሚሊ?» በሚሊ። ሁሌም።

ጣና ዳር ዓሣ ቤት የምትከፍት እህት ደግሞ ተናዳለች። ከላሜራ ተቆርጦ የሚወጣ ማስታወቂያ ፈልጋ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ ላከች። «ይሄ አይቆረጥም» አሏት።

እውነታቸውን ነው፣ እህቴ። የመቁረጫው ማሽን ፎቶ አያነብም፤ የሚከተለው መስመር ነው። ስለዚህ ንድፉን የሠራልሽ ልጅ በዲኤክስኤፍ (DXF)፣ ማለትም ንድፉን በመስመር በሚይዝ የፋይል ዓይነት፣ ይስጥሽ። ፊደሉንም ወደ መስመር ይቀይረው፤ አለዚያ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ይከፈታል። ከንድፉ ጎን 100 ሚሊ በ100 ሚሊ የሆነ ካሬ ያስቀምጥ። በኢንች የተሳለ ፋይል በሚሊ ከተከፈተ ሁሉ ነገር 25.4 ጊዜ ያንሳል፤ ካሬውን የለካ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረሽም። «ዓሣ» የሚለውን ቃል ተመልከቺው። የ«ዓ» ሆድ ክብ ነው። ማሽኑ ዙሪያውን ሲጨርስ መሃሉ ዱብ ብሎ ይወድቃል። የሚቀርሽ እግር ያለው ክብ ቀዳዳ ነው። «መ»፣ «ወ»፣ «ቀ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ሆዱን ከላሜራው ጋር የሚያያይዙ ሁለት ቀጫጭን ድልድዮች ይተዉለት። «ሣ» ችግር የለባትም።

«ፕሮፎርማው ቫትን ይጨምራል ወይ?» ጠይቁና በጽሑፍ ይስፈር። 15 በመቶ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የቀረውን ለሒሳብ ባለሙያችሁ።

የመጨረሻው ደብዳቤ እንቅልፍ ነስቶኛል። አንድ አባት 6 ሜትር ከፍታ ያለው የ5,000 ሊትር ሮቶ ማስቀመጫ ሊያሠሩ ነው። ንድፉን ከኢንተርኔት አውርደዋል። ሥሩ የልጆች መኝታ ክፍል ነው። «በየትኛው ፋይል ልላከው?» ይላሉ።

አባቴ፣ ለማንም አይላኩት። ሮቶው ሲሞላ ውኃው ብቻ 5 ቶን ነው። ያ ንድፍ የእርስዎን አፈር አያውቅም፤ ዋልካ ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ከሐይቁ የሚመጣውንም ንፋስ አላሰበም። በያጁ «እሠራዋለሁ» ቢልዎት ብየዳውን ማለቱ ነው፤ መሠረቱንና የቋሚውን ውፍረት ማስላት የሱ ሥራ አይደለም። ፈቃድ ያለው የስትራክቸር መሐንዲስ ግቢዎ ድረስ መጥቶ ይይ። ፊርማና ማህተም ያለበት ንድፍ ሳይዙ አንድ ቱቦላሬ እንኳ እንዳይገዙ፣ እባክዎ። ንድፉ ሲያልቅ ይላኩልኝ፤ የፕሮፎርማ መጠየቂያውን አብረን እንጽፈዋለን።