አያቴ ስለ ምን ያለቅሳሉ?

ጥያቄ፦ አያቴ የአበበ ቢቂላን የሮም ሩጫ በቴሌቪዥን ባዩ ቁጥር ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እኔ የሚታየኝ ጎበዝ ሯጭ ብቻ ነው። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ልጄ፣ ምንም አልጎደለህም፤ እሳቸው ግን ከሯጩ ጎን የቆመውንም ያያሉ። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ተለይቶ የወጣው በአክሱም ሐውልት አካባቢ ነው፤ የሙሶሊኒ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1937 ወስደው ሮም ላይ ባቆሙት ሐውልት! ከዚያ በምሽት፣ በባዶ እግሩ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ዘንድ ደረሰ። ሁሉም ስለ ባዶ እግሩ ያወራል፤ እኔን የሚነዝረኝ ድንጋዩ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2005 ድረስ አገሩ አልገባም። የአበበን ድል ወሬ የት ሆነው እንደሰሙ እስኪ አያትህን ጠይቃቸው፤ ቡና እየተፈላ ቢሆን ይመረጣል።