የኋላ ዲፈረንሻሉ እያላዘነ ወደ ኦሞ ልውረድ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርገን ቱርሚ ለመውረድ አስበናል። ከ60 እስከ 80 ስነዳ ከኋላ ያላዝናል። አንዱ ጋራዥ ምንም ሳይፈታ «ኮሮና ፒኞን ይቀየር» አለኝ። ሌላው ደግሞ «የጎማ ድምፅ ነው፣ ዝም ብለህ ሂድ» አለኝ። ማንን ልመን? ከሜክሲኮ አካባቢ

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አይመኑ። ዲፈረንሻል የሞተሩን ኃይል ከረጅሙ ዘንግ ተቀብሎ ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍል ክፍል ነው፤ ውስጡ ያለው ትንሹ ማርሽ ፒኞን፣ እሱ የሚያዞረው ትልቁ ክብ ማርሽ ኮሮና ይባላል። ዘይቱ ሳይወርድና ፒኞኑ በእጅ ሳይነቀነቅ የሚሰጥ ፍርድ ግምት ነው። ድምፁ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ በጥንቃቄ ካዳመጡ ግን ጋራዥ ከመግባትዎ በፊት ብዙውን ነገር ራስዎ ይለዩታል።

መጀመሪያ ጎማውን ከተጠርጣሪነት ያውጡት። የጭቃ ጎማ በራሱ ያላዝናል፤ ነገር ግን ነዳጅ ቢረግጡም ቢለቁም ድምፁ ያው ነው፣ የሚለወጠው አስፋልቱ ሲለወጥ ነው። መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ወዲያና ወዲህ ያሻሹ። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከቧጠጠዎት ጎማው ተዛንፎ ተበልቷል ማለት ነው። አሁንም ካልጠራልዎት የኋላዎቹን ጎማዎች ወደ ፊት ያዙሯቸው። ድምፁ አብሯቸው ወደ ፊት ከሄደ ዲፈረንሻሉን ይቅርታ ይጠይቁት።

ቀጥሎ መንገድ ላይ ይሞክሩት። እሁድ ማለዳ ቸርችል ጎዳና ጥሩ መሞከሪያ ነው፦ ከለገሃር ወደ ፒያሳ ሲወጡ ሞተሩ ጎማውን ይገፋል፤ በማርሽ ይዘው ሲመለሱ ደግሞ ጎማው ሞተሩን ይገፋል። መስኮቱን ዝቅ፣ ሬዲዮውን ዝም ያድርጉ። የእርስዎ ድምፅ ከ60 በላይ የሚመጣ ስለሆነ ግን ከተማ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይለይም፤ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ይጨርሱት። 80 ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ ነዳጁን አጥብቀው ይርገጡ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፣ በመጨረሻም ፍጥነቱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይያዙት።

ሲረግጡ የሚያላዝን፣ ሲለቁ ዝም የሚል ከሆነ ጥርጣሬው በኮሮናና በፒኞኑ ጥርስ ላይ ነው፤ ወደ ፊት ሲገፋ የሚሠራው የጥርሱ ፊት ተበልቷል። ሲለቁ ብቻ የሚጮህ ከሆነ፣ ወይም ሲረግጡ አንድ ዓይነት ሲለቁ ሌላ ዓይነት ድምፅ ካለው፣ የፒኞኑን ኩሽኔታ (ይዞት በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገውን ቀለበት) ይጠርጥሩ። ምክንያቱም የላላ ፒኞን ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ጥርስ ከጥርስ የሚገናኝበት ቦታም አብሮ ይቀያየራል። ነዳጅ ምንም ሳይለውጠው ከፍጥነቱ ጋር ብቻ የሚያድግ ጉርምርምታ ኩሽኔታ ነው። ሲታጠፉ ከጨመረ ወይም ከጠፋ ደግሞ የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ወደ ግራ ሲታጠፉ ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ በዚያን ጊዜ የሚጮኸው የቀኙ ነው።

የድምፁ ቅጥነትም ይረዳል። 7.50 በ16 ጎማና 4.1 ሬሾ ባለው (ጎማው አንዴ ሲዞር ፒኞኑ 4.1 ጊዜ በሚዞርበት) መኪና 80 ሲነዱ ጎማው በደቂቃ 530 ጊዜ ገደማ ይዞራል፣ ፒኞኑ ግን 2,160 ገደማ። ስለዚህ የፒኞን ኩሽኔታ ሲያልቅ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ኮሮናውን ግራና ቀኝ የያዙት ኩሽኔታዎች ሲያልቁ ግን ወፍራምና ዝግ ያለ ነው።

አሁን ከመኪናው ሥር ይግቡ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ያስደግፉ፣ የኋላውን አንስተው አክስሉን በካቫሌቶ (በብረት መቆሚያ) ላይ ያሳርፉ። በክሪክ ብቻ ተነሥቶ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ካምቢዮውን ዜሮ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚወርደው ረጅሙ ዘንግ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚታሰርበትን ክብ ብረት በሁለት እጅ ይያዙና ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ፊትና ወደ ኋላ አጥብቀው ይነቅንቁት። እዚህ ጋ የሚፈቀደው መነቃነቅ ዜሮ ነው። ትንሽም ቢሆን «ጠቅ» ካለ የፒኞኑ ኩሽኔታ ጥብቀቱን አጥቷል፤ በዚያ ሁኔታ ወደ ቱርሚ መሄድ የለም።

ማሽከርከር ግን ሌላ ነው። ረዳትዎ ፍሬን ረግጦ እያለ ያንኑ ብረት ግራና ቀኝ ቢያዞሩት ጥቂት ሚሊሜትር ይወዛወዛል። በኮሮናና በፒኞን መካከል ቶዮታ የሚፈቅደው ክፍተት እንደ ሞዴሉ ከ0.13 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆንም፣ በእጅዎ የሚሰማዎት የዚያ፣ የመሃሎቹ ትንንሽ ማርሾችና የሴሚያሶቹ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማዎቹ የሚወጡት ዘንጎች) ጥርስ ድምር ነው። በዚህ ብቻ ፈርዶ ኮሮና ፒኞን ማስቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ብዙ ጋራዥ ግን የሚፈርደው በዚሁ ነው።

በመጨረሻ ዘይቱን ያውርዱ። ከሁሉም ምርመራ አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህን ነው። 20 ደቂቃ ያህል ነድተው ይምጡ፤ የሞቀ ዘይት የዘቀጠውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ሁለቱም ቡሾኖች (የዘይቱ መሙያና ማውረጃ ክዳኖች) በ24 ቁልፍ ይፈታሉ። ሁልጊዜ የላይኛውን የመሙያ ቡሾን መጀመሪያ ይፍቱ፤ የታችኛውን አውርደው የላይኛው እምቢ ካለዎት ዘይት የሌለው መኪና ይዘው ይቀራሉ።

ዘይቱን በንጹሕ ሳፋ ተቀብለው በነጭ ጨርቅ ያጥልሉት። በማግኔታማው ቡሾን ላይ የተለጠፈ ግራጫ፣ እንደ ቅባት ለስላሳ ብናኝ የተለመደ ነው፤ በጣት መካከል ሲታሽ መቆርቆር የለበትም። መርፌ የመሰለ፣ ቅርፊት የመሰለ ወይም የሚያብረቀርቅ ስባሪ ካገኙ ግን ኩሽኔታ ወይም ጥርስ እየተላጠ ነው። ማዕዘን ያለው ወፍራም ቁራጭ የጥርስ ጫፍ ነው፤ እሱ ከተገኘ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ ይፈታ። ዘይቱ ወተት እንደገባበት ቡና ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። ከመጠን በላይ ወፍራም ሆኖ እንደ ማር ከወረደ ደግሞ መኪናውን የሸጠልዎት ሰው ድምፁን ለማፈን 140 ቁጥር ዘይት ሞልቶበት ሊሆን ይችላል፤ ትክክለኛው ዘይት ሲገባ እውነተኛው ድምፅ ይወጣል።

ሲሞሉ የጂኤል-5 ደረጃ ያለው 80 ወይም 85 ደብልዩ-90 ዘይት ይጠቀሙ። 3 ሊትር ገደማ ይወስዳል፣ 4 ይግዙ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ የመሙያው ቀዳዳ ከንፈር ላይ ሲደርስ ይበቃል። የቡሾኖቹን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ቀለበት) አዲስ ያድርጉ።

ፒኞኑ ካልተነቃነቀ፣ ዘይቱም ንጹሕ ከወጣ፣ ድምፁም ለወራት ያልጨመረ ከሆነ ይሂዱበት፤ የሚያላዝን ግን ጤነኛ ዲፈረንሻል ብዙ አገር ይዞራል። ፒኞኑ ከተነቃነቀ ወይም ስባሪ ከተገኘ ሦስት ሳምንትዎ አጭር ነው፣ ዛሬውኑ ይጀምሩ። አዲስ ኮሮና ፒኞን ከተገጠመ በኋላ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ያለ ከባድ ጭነት፣ መጀመሪያ ላይ በየ20 ኪሎ ሜትሩ እየቆመና እየቀዘቀዘ መነዳት አለበት፣ ከዚያም ዘይቱ ይቀየራል። ዓርብ ተገጥሞ ቅዳሜ የኮንሶን ዳገት የሚወጣ ኮሮና ገና ሳይለምድ ይቃጠላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፒኞኑ ሲነቃነቅ አይቶ «ዳዶውን ላጥብቅልህ» የሚል መካኒክ ካለ እጁን ይያዙት። በብዙ ሞዴሎች በሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎች መካከል ሲጠብቅ የሚጨማደድ ቀለበት አለ። አንዴ ከተጨማደደ አይመለስም፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ኩሽኔታው ይታነቅና መንገድ ላይ ይቃጠላል። ሲፈታ ቀለበቱ በአዲስ ይተካል፣ ጥብቀቱም ፒኞኑን ለማዞር በሚያስፈልገው ኃይል ይለካል። ለነባር ኩሽኔታ የሚሰጠው ለአዲስ ከሚሰጠው ግማሽ ያህል ነው።

ጥያቄ፦ የሃይሉክሴ ኮሮና ፒኞን ተበልቷል ተብሏል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል ይገኛል። ልግዛ ወይስ የራሴን ላሠራ? ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ቀን ካለዎትና የሚለካ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ካወቁ የራስዎን ያሠሩ። ከሌለ በጥንቃቄ የተመረጠ ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል በግምት ከተገጠመ አዲስ ይሻላል። የማይሻለው ኮሮናውን ከአንዱ፣ ፒኞኑን ከሌላው መግዛት ነው፤ ሁለቱ ፋብሪካ ውስጥ ተጣምረው የተሠሩ ናቸው፣ ሲለያዩ ያላዝናሉ።

ገበያ ከመሄድዎ በፊት ሬሾዎን ይወቁ። በቶዮታ መለያ ሳህን ላይ የአክስሉ ኮድ ተጽፏል፤ ሻጩ ካልገባው ጥርስ ይቁጠሩ። ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 10 ከሆነ 4.1 ነው፤ 43 በ10 ከሆነ 4.3፤ 43 በ11 ደግሞ 3.9። የፊቱና የኋላው ሬሾ ካልተመሳሰለ ፎር ዊል ባስገቡ ቁጥር ሁለቱ ዲፈረንሻሎች ይጓተታሉ፤ በአሸዋ ላይ ላይሰማዎት ይችላል፣ በአስፋልት ላይ ግን የሆነ ነገር ይሰበራል።

ዕቃው ፊትዎ ሲቀመጥ ፒኞኑን በእጅዎ ቀስ ብለው ያዙሩ። አሸዋ እንዳለበት ከተንገራገጨ ይተዉት። እያንዳንዱን የኮሮና ጥርስ በባትሪ እያበሩ ይዩ፦ ጫፉ የተሸረፈ፣ ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ጉድጓድ ያለበት ወይም ተቃጥሎ ወደ ሰማያዊ የተለወጠ አይግዙ። ጥቂት ጥርሶችን በቅባት ቀለም ቀብተው በጨርቅ እያከበዱ ቢያዞሩት የንክኪው አሻራ ይታያል፤ መሃል አካባቢ ከሆነ ደህና ነው፣ ጫፍ ወይም ሥር ላይ ብቻ ከሆነ ስፔሶሩ (የማርሾቹን አቀማመጥ የሚያስተካክለው ቀጭን ቀለበት) ተነካክቷል። በዘይት ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ዕቃ አያማልልዎት፣ ነጋዴ የሚያጥበው ቆሻሻን ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ማርሽ ሳስገባና ነዳጅ ስረግጥ ከሥር «ጓ» ይላል፣ ሲነዳ ግን ድምፅ የለውም። ዲፈረንሻል ነው? ከልደታ

መልስ፦ መጀመሪያ ክሮቸራ (የረጅሙ ዘንግ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ነው ብለው ያስቡ። ረጅሙ ዘንግ ላይ በክሮቸራው ክንዶች መካከል ወፍራም ካቻቢቴ አስገብተው ይፈልቅቁ። ከተነቃነቀ ወይም በክዳኖቹ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካዩ አልቋል። ግሪስ ሲሰጡ በአራቱም ጫፍ አዲስ ግሪስ እስኪወጣ ድረስ ይስጡ፤ በአንዱ ካልወጣ ያ ጫፍ ደርቋል። ዘንጉ የሚንሸራተትበትን ክፍል አይርሱ። ድምፁ ጠባብ ቦታ ላይ ቀስ ብለው ሲዞሩ ብቻ ከመጣ ግን ያኔ ዲፈረንሻል ነው፣ የመሃሎቹ ትንንሽ ማርሾች።

ጥያቄ፦ የኋላ ፍሬን ሸራዬ በዘይት ይርሳል። ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ተመለሰ። ከፒያሳ

መልስ፦ የመተንፈሻውን ቡሾን ፍቱ። አክስሉ ላይ ከላይ ተቀምጧል፣ ጭቃ ሲደፍነው የሞቀው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በፓራኦሊዮ በኩል ይገፋዋል። ጉዳቱ በወንዝ መሻገሪያ ላይ ይገለበጣል፦ የጋለ አክስል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃ ይስባል። አፅድተው በአፍዎ ይንፉበት፤ ከተቻለ በላስቲክ ቱቦ እስከ ኋላ መብራቱ ከፍታ ያውጡት። ወንዝ ከተሻገሩ በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሣ፣ የታችኛውን ቡሾን ትንሽ ያላሉ። ውኃ ከዘይት ይከብዳልና ገብቶ ከሆነ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። መተንፈሻው ንጹሕ ሆኖም የሚያፈስ ከሆነ የጎማው ኩሽኔታ ላልቶ ፓራኦሊዮውን እየበላው ነው።

ጥያቄ፦ ዲፈረንሻሉ በረሃ ውስጥ ቢሰበርስ? ከለገሃር

መልስ፦ እንደ አክስሉ ዓይነት ነው። ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ላይ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) እንጂ ሴሚያሱ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም ሴሚያሶች ስበው፣ ረጅሙን የኋላ ዘንግ ፈተው፣ የፊት ሞዞዎችን ቆልፈው ፎር ዊል በማስገባት በፊት ጎማ ብቻ ቀስ ብለው መውጣት ይቻላል። የሞዞውን አፍ አቧራ እንዳይገባ በፕላስቲክና በሽቦ ይሸፍኑት። የሴሚያሱ ዳዶዎች ከወለቁ በኋላ ሾጣጣ ቀለበቶቹ ካልወጡ የሴሚያሱን ራስ መሃሉን በመዶሻ ይምቱት፣ ይዘላሉ።

ሃይሉክስ ላይ ግን ጎማውን የያዘው ራሱ ሴሚያሱ ስለሆነ ስበው መንዳት አይችሉም። ረጅሙን ዘንግ ፈትተው በፊት ጎማ ቢጎትቱም የተሰበረው ዲፈረንሻል ውስጡ መዞሩን ይቀጥላል፤ ከጮኸ ወይም ከያዘ ይቁሙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በሌላ መኪና ላይ አስጭነው ያስጎትቱ። ሁልጊዜ አራቱን ጎማ በሚያሽከረክሩት እንደ ፕራዶ ባሉ መኪኖች የመሃሉን ዲፈረንሻል ካልቆለፉ ኃይሉ በወጣው ዘንግ በኩል ይባክናል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም።

ከጓዙ ጋር አንድ የፒኞን ፓራኦሊዮ፣ አንድ ክሮቸራ፣ የሴሚያስ ጓርኒሲዮን፣ 24 ቁልፍና የተረፈውን ዘይት ይያዙ።