መንገዱ ለምን አይዘልቅም? የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ጥያቄዎች

ስለ ከተማ መስፋትና ስለ ሰፈር መንገድ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የቻልኩትን ልመልስ።

ዳር ላይ ቤት ሠራን። አስፋልቱ በዓይናችን ይታያል፤ በባጃጅ ግን ዞረን ነው የምንደርሰው። ለምን?

መጀመሪያ ቤት ተሠራ፣ አጥር ታጠረ፣ መንገድ የተፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። እያንዳንዱ መንደር ከዋናው መንገድ ጋር ይገናኛል፤ ከጎረቤቱ መንደር ጋር ግን አይገናኝም። ልክ እንደ ዛፍ ነው፤ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ለመሻገር ግንዱ ድረስ መውረድ አለባችሁ። ግንዱ ላይ አንድ ሲኖትራክ ከቆመ ሁሉም ይቆማል።

ጋሼ፣ ደሴን ያጠበባት ተራራው አይደለም እንዴ?

ግማሹ እውነት ነው። በጦሳና በአዝዋ መሃል ያለች ከተማ ወደ ርዝመቷ ነው የምታድገው። ግን መኪና የማይወጣውን ዳገት እግረኛ ይወጣዋል። ደረጃ ይሠራለት! በሁለት አጥር መሃል የቀረችው ቀጭን መተላለፊያ ስትዘጋ፣ ሰኞ ገበያ ውላ ዕቃ ተሸክማ የምትመለስ እናት ናት የምትጎዳው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ኮምቦልቻስ?

እዚያ ሜዳ አለ፤ ዕድሉ ገና አላለፈም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሠራተኛ ደግሞ ቤት ይፈልጋል። ስለዚህ ቤቱ ሳይቀድም በየ1 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የሰፊ መንገድ መሬት ይከለል። አስፋልቱ ከዓመታት በኋላ ቢመጣም ግድ የለም። በአዳማ፣ በባህር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌ ይህ ሐሳብ ተሞክሯል። መንገድ አንዴ ከተቀየሰ ቤቱ ፈርሶ ሲሠራ እንኳ እሱ ባለበት ይቀራል። አጥር ከቆመ በኋላ ማስተካከል ካሳ ነው፣ ክርክር ነው፣ ፍርድ ቤት ነው።

የኛ ሰፈር መጥፎ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በእግርህ ዞረህ ቁጠር። ከአንድ መገናኛ 4 መንገድ ከወጣ በጣም ጥሩ፣ 3 ከሆነ ደህና ነው። ሄዶ ሄዶ ግንብ ላይ የሚቆመው ከበዛ ሰፈሩ ተዘግቷል ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የከተሞች ድርጅት ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድ ይሁን ይላል።

ሌላው ዓለም ተሳክቶለታል?

ከ1975 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ ሰፈሮች በብዙ አገር ይበልጥ የተቆራረጡ ናቸው። አሜሪካ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ እርስ በርስ ወደሚገናኝ መንገድ መመለስ ጀምራለች፤ አሮጌዎቹ ዝግ ሰፈሮች ግን እዚያው ናቸው።

መንገዱ ክፍት ከሆነ ሌባ ይገባል። ዝግ ይሻላል!

ስጋትሽ ይገባኛል፣ እህቴ። ለመኪና ዝጉት፤ ብረት ትከሉና ለእግረኛ ተዉት። ብረቱ ግን የሚነቀል ይሁን፤ ሌሊት ምጥ የመጣባት ሴት ትኖራለች፣ አምቡላንስ ይገባል።