ፍንጩን ከአንባቢ አትደብቁ

የምርመራ ልብ ወለድ የምትጽፉ ውድ ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በወንጀል መርማሪነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከዚራ በሚገኘው ቤቴ የምርመራ ልብ ወለድ ማንበብ የዘወትር ልማዴ ሆኗል። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት፣ ሐረር ውስጥ ስለሚፈጸም ግድያ የጻፈውን ረቂቅ እንዳነብለት አመጣልኝ። ቋንቋው ያማረ ነበር፤ የጀጎል ጠባብ መንገዶችም በዓይን የሚታዩ ያህል ተሥለዋል። ገዳዩ ግን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ ጨርሶ ያልተነሣ የሟቹ መንታ ወንድም ሆኖ ተገኘ። ቅሬታዬን ስነግረው ዘመናዊ ድርሰት በድሮ ደንብ እንደማይገዛ መለሰልኝ፤ ይህን የምጽፍላችሁም በዚህ ስለማልስማማ ነው።

እንግሊዛዊው ካቶሊካዊ ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ባወጣቸው 10 ደንቦች፣ ወንጀለኛው ከታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ እንዲጠቀስ፣ መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ለአንባቢው እንዲገለጥ፣ መንታም አንባቢው አስቀድሞ ካልተዘጋጀ በቀር እንዳይገባ አሳስቧል። ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይልንም ከልክሏል። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሌባን በምትሐት ኃይል ለማግኘት ይደረግ በነበረው በቀድሞው የሌባ ሻይ ልማድ፣ አደንዛዥ ነገር የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ይያዝ ነበር፤ ሰውየው ማስረጃውን አይቶ የሚሟገትበት መንገድ አልነበረውም። መልሱን ከየትም አምጥቶ በአንባቢው ላይ የሚጥል ደራሲ ከዚህ ምን ያህል ይለያል? አውጫጭኝ ግን፣ የአካባቢው ሰው በአንድነት ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር የሚጠየቅበት ሸንጎ በመሆኑ፣ መርማሪው ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ አንድ ክፍል ሰብስቦ ነገሩን ከሚፈታበት የታወቀ ትዕይንት ጋር ይቀራረባል። ይህን የአገራችንን መድረክ እንድትጠቀሙበት አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

መዋስ ነውር አይደለም። ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው ታሪክ የመርማሪውን ብልሃት የሚተርከው ስሙ ያልተጠቀሰ ወዳጁ ነው፤ ኮናን ዶይልም እ.ኤ.አ. በ1887 ሼርሎክ ሆልምስን ሲያስተዋውቅ ዶክተር ዋትሰንን በዚሁ ቦታ አቆመው። ዋትሰን መርማሪው የሚያየውን ሁሉ ያያል፤ ሐሳቡን ግን አያውቅም፤ ስለዚህ ፍንጩ በግልጽ ተቀምጦ ትርጉሙ ብቻ ይሰወራል። ዛሬ በዋትሰን ቦታ አዲስ የተመደበች ፖሊስ ወይም የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ትቆም ይሆናል፤ ሥራው ግን ያው ነው።

አስቸጋሪው፣ ገዳዩ ከመካከላቸው አንዱ መሆኑን አንባቢው እንዲያምን ተጠርጣሪዎችን ከውጭው ዓለም መነጠል ነው። ድሮ የጀጎል በሮች ማታ ይዘጉ ስለነበር ታሪኩን በዚያ ዘመን ለሚያኖር ጸሐፊ ግንቡ ራሱ ይበቃዋል። በእኛ ዘመን ግን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የድሬዳዋን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን ለአንድ ሌሊት ቢለያያቸው እንኳ ስልኩ ይሠራል። ስልኩን ሰበብ ፈልጋችሁ አታጥፉት፤ የማን ስልክ ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ፣ የቀድሞዎቹ ደራሲያን የጫማ ዱካን እንደተጠቀሙበት፣ ከሌሎች ጥቃቅን ነገሮች መካከል በግልጽ አስቀምጡት።

ያ ወጣት ከሁለት ወር በኋላ ረቂቁን አርሞ ተመለሰ። መንታውን አላስወጣውም፤ ይልቁንም በሁለተኛው ምዕራፍ የሟቹ እናት ቤት ግድግዳ ላይ፣ አንድ ዓይነት ሸሚዝ የለበሱ ሁለት ሕፃናት የተነሡትን ፎቶግራፍ ሰቅሏል። እኔ፣ በሙያዬ ስንት ክፍል የፈተሽኩት ሰው፣ አይቼው አልፌ ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ ወደ ኋላ ገልጬ ፎቶግራፉን ፈለግሁት።