ጌታ «ሞተ» ወይስ «ዐረፈ»?

ጥያቄ፦ በስቅለት ዕለት ከደሴ መድኃኔዓለም ስግደት ስመለስ ለሙስሊም ጎረቤቴ «ዛሬ ጌታ ያረፈበት ቀን ነው» አልኳት። አብረውኝ የነበሩ መሪጌታ «ሞተ በይ እንጂ!» ብለው አረሙኝ። «ሞተ» ለጌታ አይከብድም? ደግሞስ በጸሎተ ሃይማኖት «ታመመ» የምንለው ምን በሽታ ኖሮበት ነው? (አንዲት አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ መሪጌታው ልክ ናቸው፤ የእርስዎም ጆሮ ግን አልዋሸዎትም። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ያርፋል እንጂ አይሞትም። ቅሬ (የወሎ ዕድር) ሲጠራ «አቶ እገሌ ሞቱ» ማለት ነውር ነው። የቅዱሳን ታሪክ የሚነበብበት ስንክሳሩም ቅዱሳኑን «ዐረፈ» ይላቸዋል፤ ጥር 21 የምናስበውንም የእመቤታችንን «ዕረፍት» እንለዋለን።

ክርስቶስ ላይ ሲደርስ ግን ማለዘቢያው ነገሩን ራሱን ያጠፋዋል። እምነቱ የቆመው «በእውነት ሞተ» በሚለው ላይ ነው፤ ሞቱን ካለዘብነው ትንሣኤውም ከእንቅልፍ መንቃት ይመስላል። የአክብሮት ጉዳይ ከሆነም አምላክን «አንተ» እንጂ «አንቱ» አንለውም፤ ለእሱ የሰው ወግ አይሠራም።

«ታመመ» ከበድ ይላል። በኒቅያ (325 እ.ኤ.አ.) ተደንግጎ በቁስጥንጥንያ (381 እ.ኤ.አ.) የተሟላው ጸሎተ ሃይማኖት በግእዝ «ሐመ ወሞተ ወተቀብረ» ይላል። የግእዙ «ሐመ» በሽታንም፣ ከሌላ የሚደርስን ሥቃይም በአንድነት ይይዛል። «ሰሙነ ሕማማት» የሚለውም ከዚሁ ሥር ነው። አማርኛው «ታመመ»ን ወደ ሐኪም ቤት ወሰደው፤ ግራ የተጋቡትም ለዚህ ነው። ያም ሆኖ አሮጌው ትርጉም አልሞተም፤ ክፉ ቃል የተናገረንን ሰው «ንግግሩ አመመኝ» እንል የለም? አንዳንዶች «ታመመ»ን አንሥተው «መከራ ተቀበለ» ይሉታል። 1ኛ ጴጥሮስ 4፥1ም ክርስቶስ በሥጋ መከራን እንደተቀበለ ይናገራልና ስሕተት የለበትም። እኔ ግን «ታመመ»ን አልለቅም። መከራ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ «ታመመ» ግን ምስማሩ ሥጋው ውስጥ እንደተሰማው ይናገራል።

«አምላክ እንዴት ይሞታል?» ብትልዎት ጎረቤትዎ ያነሣችው ጥንታዊ ጥያቄ ነው። ሊቃውንቱ የመለሱት በአንዲት ቃል ነው፦ «በሥጋ»። መለኮት በባሕርዩ አይታመምም፣ አይሞትም፤ ሞቱ ግን የሌላ የማንም ሳይሆን ሥጋ የሆነው የቃል፣ የእግዚአብሔር ልጅ፣ ነው። በእሳት የጋለ ብረት ሲመታ መዶሻው የሚጎዳው ብረቱን ነው፤ እሳቱ ከብረቱ አይለይም፣ ግን አይቀጠቀጥም። የግእዙ ምስጋና ደግሞ ተቃራኒ የሚመስሉትን ሳይፈራ ጎን ለጎን ያቆማቸዋል፦ «ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት» ብሎ ሳያበቃ «ተሰቅለ ዲበ ዕፀ መስቀል» ይላል። የማይሞተው ተሰቀለ! በመካከሉ «ነገር ግን» የሚል አያያዥ የለም፤ ለእኔ ትምህርቱ ያለው እዚያ በጎደለው ቃል ላይ ነው። ጎረቤትዎ በዚህ ላትስማማ ትችላለች፤ እርስዎ ግን የሚሉትን ቢያንስ አጥርተው ይንገሯት።

እንግዲህ ዓርብን «ጌታ በሥጋ የሞተበት ቀን» ይበሉ። «ዐረፈ»ን ከወደዱት ለማግስቱ ያቆዩት፤ ቄጠማ በራስ በሚታሰርባት ቅዳሜ «በመቃብር ዐረፈ» ቢሉ መሪጌታውም የሚቆጡ አይመስለኝም።