የሲንጋፖሩን ደመወዝ በብር ከማባዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 31 ዓመትህ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሶፍትዌር ሙያ ትሠራለህ፤ ከሲንጋፖር በወር 7,800 የሲንጋፖር ዶላር የሚከፍል የሁለት ዓመት ኮንትራት ቀርቦልሃል። ባለቤትህ አካውንታንት ናት፣ ልጃችሁ ሦስት ዓመቷ። «መልቀቂያ ላስገባ? ሦስታችንም አንድ ላይ እንሂድ?» ብለሃል።

መልቀቂያውን ገና አታስገባ። ሦስታችሁም አንድ ላይ አትሂዱ።

የላክልኝን ሒሳብ አየሁት፤ በአሜሪካ ዶላር ምንዛሪ ነው ያባዛኸው። የሲንጋፖሩ ዶላር ከአሜሪካው በሩብ ገደማ ያንሳል። ለነገሩ ምንዛሪው ትክክል ቢሆንም ብር ምን ያደርግልሃል? ኪራይህን በብር አትከፍልም። እዚያው በሲንጋፖር ዶላር እናስላው።

አብዛኛው የአገሩ ሰው የሚኖረው መንግሥት በሠራቸው የኤችዲቢ ሕንፃዎች ነው፣ አንተም እዚያ መከራየት ትችላለህ። ማስታወቂያው «ስሪ ሩም» ሲልህ ሦስት መኝታ እንዳይመስልህ፤ ሳሎኑም ተቆጥሮ ነው፣ መኝታው ሁለት ነው። ለእሱ ወደ 3,000 ያዝ። የሁለት ዓመት ውል ስትፈርም ብዙ ጊዜ የሁለት ወር ማስያዣና የመጀመሪያውን ወር ኪራይ አንድ ላይ ይጠይቁሃል፤ ገና ደመወዝ ሳትቀበል 9,000 ማለት ነው። ስለዚህ ቀጣሪህን የመቋቋሚያ ገንዘብ ጠይቅ። ማፈር አያስፈልግም፣ እዚያ የተለመደ ጥያቄ ነው።

ግብሩ ቀላል ነው፣ አመጣጡ ነው የሚያደናግረው። እኛ አገር ግብር ተቆርጦ ስለሚደርሰን እጃችን የገባውን ሁሉ የራሳችን ነው እንላለን። እዚያ በየወሩ አይቆረጥም፤ ሒሳቡ በቀጣዩ ዓመት ራስህ ዘንድ ይመጣል። ሙሉ ዓመት ከሠራህ በአንተ ደመወዝ 5,000 አይሞላም። በየወሩ 400 ለብቻው አስቀምጥ። ጡረታ ደግሞ የለህም፤ ሲፒኤፍ የሚሉት የቁጠባ ሥርዓት ለዜጋና ለቋሚ ነዋሪ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትህ። በጥገኛ ፈቃድ ልትወስዳቸው ትችላለህ፣ ደመወዝህ ለዚያ ከሚፈለገው 6,000 በላይ ነው። ነገር ግን በዚያ ፈቃድ ባለቤትህ መሥራት አትችልም፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የራሷን የሥራ ፈቃድ ማግኘት አለባት። ለውጭ ዜጋ ልጅ የመዋያ ክፍያው ብዙ ጊዜ በወር ከ1,000 ያልፋል። ኪራይ፣ ግብር፣ መዋያ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት ስትቀንስ 1,500 ቢተርፍህ ጥሩ ነው፤ የእሷ ደመወዝ ደግሞ ቀርቷል። ብቻህን አንድ ክፍል ተከራይተህ ብትቀመጥ ግን በወር ከ4,000 በላይ ታስቀራለህ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ስድስት ወር ብቻህን ሂድ፤ እሷ ሥራዋን አትልቀቅ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ፈቃድህ ራሱ ነው። ኢምፕሎይመንት ፓስ የሚሉት የሥራ ፈቃድ የአንተ ሳይሆን የቀጣሪህ ማመልከቻ ውጤት ነው። ሥራው ሲያበቃ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ አገሩ ውስጥ የምትቆይበት ጊዜ ወደ 30 ቀን ይወርዳል፤ የቤተሰብህም እንዲሁ። የቤት ውሉ ግን ይቀጥላል። በውሉ ውስጥ «ዲፕሎማቲክ ክሎዝ» የሚባለውን አስገባ፤ ሥራህን አጥተህ አገር ስትለቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ወር በኋላ በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ እንድትወጣ የሚፈቅድ አንቀጽ ነው።

ለዚህ ፈቃድ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ወለሉ፣ ደግሞ በዕድሜ ይጨምራል። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ መነሻው 5,600 ሲሆን በ45 ዓመት 10,700 ይደርሳል። ለ31 ዓመት በእኔ ስሌት 7,450 ገደማ ይሆናል፤ አልፈሃል፣ ግን ለጥቂት። ፋይናንስ ዘርፍ ከሆነ ወለሉ ከፍ ስለሚል 7,800 ላይበቃ ይችላል። ኩባንያው በየትኛው ዘርፍ እንደሚያመለክት በጽሑፍ ጠይቅ። የሲንጋፖር የሥራ ሚኒስቴር ቅድመ ፈቃድ የሚሰጥበትን ደብዳቤ በእጅህ እስክትይዝ ድረስ አሁን ያለህን ሥራ አትንካ።

ስለ ጾሙ ጠይቀሃል። ሊትል ኢንዲያ በሚባለው የሕንዶች ሰፈር ቬጀቴሪያን ምግብ ሞልቷል፣ ግን ቅቤና እርጎ ስለሚገባበት ጠይቀህ ብላ። የቻይና ቡዲስቶች ምግብ ቤት ይሻልሃል፤ ብዙዎቹ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይነኩም። ጣዕሙ መጀመሪያ ላይ ባዶ ይሆንብሃል፣ በርበሬ ያዝ። ሂል ስትሪት ላይ እ.ኤ.አ. በ1835 የተሠራ የአርመን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እህት ቤተ ክርስቲያናችን ናትና በር ላይ ቆመህ ብትሳለም እንግድነት አይሰማህም። ጫት ግን ለጓደኛ አደራ ተብለህም ቢሆን በሻንጣህ እንዳትይዝ፤ በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ የዚያ አገር ሕግ እስከ ሞት ይቀጣል።

የፈቃዱ ማመልከቻ በነጥብ ይመዘናል፤ ዲግሪህም ነጥብ ስላለው መረጋገጡ አይቀርም። አንተ ደግሞ እስካሁን በቴምፖ ነው የምትሠራው ብለሃል። ኮስት ሼሪንግህን ጨርሰህ ኦሪጅናሉን ለማውጣት ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ሰኞ ጠዋት ሬጅስትራር ሄደህ ጠይቅ፣ ከዚያ ጻፍልኝ።