ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ምስሉ ንጹህ ከሆነ ለምን ይወድቃል?

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ወንድሜ የሚጥል በሽታ አለበት። ባሕር ዳር ወስደን ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ተነሣ፤ "ምንም የለውም" ተባልን። ዘመዶች "እንግዲያው የሐኪም አይደለም" ሲሉ ክኒኑን አስቁመን ጸበል ወሰድነው። የአንጎልን ሽቦ በቀለም የሚያሳይ ምርመራ ስልክ ላይ አየሁ። በሬ ሸጠን እናሳየው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ስለ ምስል ነው። ያስጨነቀሽ ግን "መንፈስ ይሆን?" የሚለው ነው። አይደለም። የተለመደው ኤምአርአይ የሚያሳየው የአንጎልን ቅርጽ ነው፤ ዕጢ፣ ጠባሳ፣ የተጎዳ ቦታ። የሚጥል በሽታ ደግሞ የአንጎል ኤሌክትሪክ ችግር ነው። ቤቱ ምንም ሳይሆን መብራቱ ይቆራረጥ የለ? እንደዚያ ነው። ምስሉ ንጹህ ሆኖ የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው።

ያየሽው ምርመራ እውነት ነው። ውሃ በነርቭ ክሮች በኩል ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ይለካል፤ መንገዱን የሚሥለው ኮምፒውተር ነው። ቀለሙም የኮምፒውተሩ ነው፤ አንጎል ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ክር የለም። ሌላው ዓይነት የደም ኦክስጅንን እየተከተለ የትኞቹ ክፍሎች አብረው እንደሚሠሩ ያሳያል። አሜሪካ ውስጥ ከ1,000 በላይ ጤነኞች ለጥናት እንዲህ ተነሥተዋል። ጭንቅላት ለሚከፍት ሐኪምም የንግግሩን መሥመር እንዳይነካ ይረዳዋል። ወንድምሽን ግን ማንም ቀዶ ሕክምና አላለውም። በሬው ይረስ።

አሁን ልቆጣ ነው። ክኒኑን አቁሙ ያለው ማነው? ጸበሉን አልከለከልኩም፤ ክኒኑም ጸበሉም አብረው ይሄዳሉ። መድኃኒቱ ድንገት ሲቋረጥ መንቀጥቀጡ አልቆም ሊል ይችላል፤ ይህ ይገድላል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከያዘው፣ ባገኛችሁት መኪና ወደ ሆስፒታል!

ክብሪት እንደምታሸቱትም ሳትነግሪኝ አውቃለሁ። ጎጃም ክብሪት ያልተጫረበት ታማሚ የገጠመኝ ጥቂት ነው። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም 3 ደቂቃ በራሱ ያቆማል፤ ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል። ጭሱ ትንፋሽ ያውካል፣ እሳቱ አፍንጫ ያቃጥላል። ጥርሱን በማንኪያ መፈልቀቅም ይቅር። ከምድጃ አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። በቃ።

ነገ ጠዋት የተረፈውን ክኒን ይዛችሁ መድኃኒቱን ወዳዘዘው ሐኪም ሂዱ። መጠኑን በራሳችሁ አትወስኑ። እስከዚያ ከወደቀ አንዳችሁ በስልክ ቅረጹት። ሐኪሙን ከባለቀለሙ ምስል ይልቅ የሚጠቅመው ያ ቪዲዮ ነው።